ሦስት ባዶ ወረቀቶች፦ ኒውዮርክ በ1824ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ

ወረቀቶቹ 157 ነበሩ። ሦስቱ ምንም አልተጻፈባቸውም።

ቦታው የኒውዮርክ ግዛት ዋና ከተማ ኦልባኒ ነው። ቀኑ ሰኞ፣ ኖቬምበር 15፣ 1824። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የግዛቱ ሴኔትና የታችኛው ምክር ቤት አባላት አንድ አዳራሽ ውስጥ ተጨናንቀዋል። የመጡት ሕግ ሊያወጡ አይደለም። የአሜሪካን ፕሬዚዳንት የሚመርጡ 36 ወኪሎችን ሊሰይሙ ነው።

ሰብሳቢው ምክትል ገዥው ኢራስተስ ሩት ነው። ኮሮጆው ተከፍቶ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ሩት አንዷን ገለጥ አድርጎ ሲያይ ክው አለ። ያልጠበቀው ዝርዝር ነው። የሁለት ተቀናቃኝ ቡድኖች ሰዎች አንድ ላይ ተደርድረዋል። ደግሞ በእጅ የተጻፈ አይደለም፤ ማተሚያ ቤት ገብቶ የወጣ ነው። ከአፉ ያመለጠው ቃል ለታሪክ ቀርቷል፦ “የታተመ ድብልቅ ዝርዝር!”

አዳራሹ ተናወጠ። አንዳንድ ሴናተሮች ባርኔጣቸውን አንስተው ወደ በሩ አመሩ።

እዚህ ጋ ላቁማቸውና ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ልንገራችሁ።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡ ወኪሎች በየግዛቱ ይሰየማሉ ይላል። እንዴት ይሰየሙ የሚለውን ግን ለየግዛቱ ምክር ቤት ነው የተወው። ዛሬ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ሆኖ ድምፅ የሚሰጥ አበሻ ለዕጩው የሰጠ ይመስለዋል። በሕጉ ቋንቋ የሰጠው ለወኪል መራጮች ነው። ይህንንም ያገኘው የግዛቱ ምክር ቤት “ሕዝቡ ይምረጥ” ብሎ ስለወሰነ ነው። በ1824 ከነበሩት 24 ግዛቶች በ18ቱ ሕዝቡ ይመርጥ ነበር። በስድስቱ ግን የምክር ቤቱ ሰዎች ራሳቸው መርጠው ይልካሉ። ከስድስቱ ትልቋ ኒውዮርክ ናት። ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ ከአገሪቱ አንደኛ። ከጠቅላላው 261 የወኪል ድምፅ 36ቱ የእሷ ነው። ለማሸነፍ 131 ያስፈልጋል።

ስለዚህ ያን ዓመት ለፕሬዚዳንትነት የቋመጠ ሁሉ ዓይኑ ኦልባኒ ላይ ነበር። የሚያባብለው ሕዝብም 160 ሰው ብቻ ነው፤ 32 ሴናተርና 128 የታችኛው ምክር ቤት አባል።

ዕጩዎቹ አራት ናቸው። የማሳቹሴትሱ ጆን ክዊንሲ አዳምስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። የጆርጂያው ዊልያም ክሮፎርድ የገንዘብ ሚኒስትር። የኬንታኪው ሄንሪ ክሌይ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ። የቴነሲው አንድሩ ጃክሰን ሴናተር ነው፤ ሕዝቡ የሚያውቀው ግን በጄኔራልነቱ ነው። አራቱም የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ባላንጣ ፓርቲ ሞቶ ስለነበር ጠቡ ሁሉ የቤት ውስጥ ጠብ ሆኗል። የቤት ውስጥ ጠብ ደግሞ እንደሚታወቀው ይከፋል።

ቫን ቡረንና እንደራሴዎቹ

የኦልባኒን የፖለቲካ ማሽን የሚዘውረው ማርቲን ቫን ቡረን ነው። ኪንደርሁክ በምትባል መንደር የተወለደ የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ ነው። ቤታቸው ውስጥ የሚነገረው ደች ነበር። አጭር፣ ዝንጥ ያለ፣ ከማንም ጋር የማይጣላ። በ1821 ለዋሽንግተን ሴኔት ሲመረጥ ኦልባኒን ለጓደኞቹ አደራ ብሎ ሄደ። ሳይላስ ራይት፣ ዊልያም ማርሲ፣ አዛራያ ፍላግ፣ የጋዜጣቸው አዘጋጅ ኤድዊን ክሮስዌል። ጠላቶቻቸው “የኦልባኒ ሪጀንሲ” የሚል ስም አወጡላቸው። በእኛ ቋንቋ የኦልባኒ እንደራሴዎች ማለት ነው። ንጉሡ ያለው ዋሽንግተን ነው፤ እነሱ በሌለበት ይገዙለታል።

እነዚህ ሰዎች ተራ ሌቦች አልነበሩም። ይህን መናገር ተገቢ ነው። አብዛኞቹ ታታሪና በገንዘብ ንጹሕ ነበሩ። ሃይማኖታቸው ዲሲፕሊን ነው። ቡድኑ ዝግ ስብሰባ ያደርጋል፤ ኮከስ ይሉታል። እዚያ ተከራከር፣ ተሟገት፣ ጠረጴዛ ምታ። ከተወሰነ በኋላ ግን ሁሉም አንድ ድምፅ ነው። ለታዘዘ ሹመት አለ፤ ላፈነገጠ ደጁ ነው። በ1832 ማርሲ ዋሽንግተን ላይ ምርኮ የአሸናፊው ነው ብሎ በአደባባይ ሲናገር ብዙዎች ደንግጠዋል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚል አገር ሰው ቢሰማው ግን ምኑ ነው አዲሱ ይል ነበር።

የቫን ቡረን ሰው ክሮፎርድ ነው። ምክንያቱ ፍቅር አይደለም። የፓርቲው ባህል ዕጩ የሚሰየመው በኮንግረስ ኮከስ ነው ይላል። ቫን ቡረን ደግሞ ባህሉ ከፈረሰ ፓርቲውም ይፈርሳል ብሎ ያምናል። ኮከሱ ፌብሯሪ 14፣ 1824 ተጠራ። ከ261 የኮንግረስ አባላት የመጡት 66 ብቻ ናቸው። ክሮፎርድ 64 ድምፅ አገኘ። በግማሽ ባዶ አዳራሽ የተሾመ ዕጩ ሆነ። በዚያ ላይ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ታሟል። ስትሮክ መትቶት ማየትም መናገርም ከብዶታል።

ኒውዮርክ ላይ ክሮፎርድን የሚወድ ሕዝብ አልነበረም። የግዛቱ ምዕራብ ከኒው ኢንግላንድ፣ ማለትም ማሳቹሴትስን ከሚጨምሩት የሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች፣ በፈለሱ ገበሬዎች ተሞልቷል። እነሱ የሚፈልጉት የአገራቸውን ልጅ አዳምስን ነው። መንገድና ቦይ ይሠራልን የሚሉት ደግሞ ክሌይን። ሕዝቡ ከተጠየቀ ክሮፎርድ አለቀለት። ሕዝቡ ካልተጠየቀ ግን የእንደራሴዎቹ ሴኔት አለ።

ስለዚህ ሕዝቡ መጠየቅ የለበትም ተባለ።

“አሥራ ሰባቱ”

በ1823 መጨረሻ አዲስ ስብስብ ብቅ አለ። ራሱን የሕዝብ ፓርቲ አለ። ጥያቄው አንድ ነው፦ ወኪል መራጮችን እኛ እንምረጥ። የአዳምስ፣ የክሌይ፣ የጃክሰን ደጋፊ ሁሉ ተጠለለበት። እውነቱን ለመናገር ከመሪዎቹ ብዙዎቹ የሕዝብ መብት ያንገበገባቸው አይደሉም። ክሮፎርድን የሚጥል ዱላ ፈልገው ያገኙት ይህን ነው። ዱላው ግን ጥሩ ዱላ ነበር። በዚያ ዓመት የግዛት ምርጫ የታችኛው ምክር ቤት ላይ ብዙ ወንበር አገኙ።

እዚህ “ሕዝብ” ማለት ማን እንደሆነ አንድ ነገር ልበል። በ1821 የወጣው የግዛቱ ሕገ መንግሥት ለነጭ ወንዶች የንብረት መስፈርቱን ሊያነሳላቸው ምንም አልቀረው። ግብር የከፈለ፣ ሚሊሺያ ያገለገለ፣ መንገድ የሠራ ይመርጣል። ለጥቁር ወንድ ግን የ250 ዶላር ንብረት ይኑርህ የሚል አጥር አቆመ። ሴቶችን ያነሳ ማንም የለም። ባርነትም በግዛቱ ሕግ የጠፋው ጁላይ 4፣ 1827 ነው። “ሕዝቡ ይምረጥ” የሚለው ጩኸት ከዚህ አጥር ውስጥ የሚሰማ ነበር።

የታችኛው ምክር ቤት ረቂቁን በሰፊ ድምፅ አሳለፈው። ጉዳዩ ሴኔቱ ላይ ደረሰ። እንደራሴዎቹ “አንቀበልም” ብለው ቢጥሉት ሕዝቡ ይቆጣል። ስለዚህ የባሰ ብልሃት አመጡ። ማርች 10 ቀን ረቂቁ እስከ ኖቬምበር ይቆይ ብለው በ17 ለ14 ወሰኑ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ምክር ቤቱ ራሱ ወኪሎቹን ለመምረጥ ይሰበሰባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ልዩነቱ ይህ ውሻ ሆን ብሎ መዘግየቱ ነው።

“አሥራ ሰባቱ” የሚለው ቁጥር በግዛቱ ስድብ ሆነ። ገዥው ጆሴፍ ዬትስ በሁለት በርጩማ ልቀመጥ ሲል ከሁለቱም ወደቀ። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ከእንደራሴዎቹ ጎን ቆመ። እነሱ ግን ሸክም ነው ብለው ለቀጣዩ ምርጫ በሳሙኤል ያንግ ተኩት። ተናዶ ለኦገስት 2 ልዩ ስብሰባ ጠራ። ሕጉን አሁን አሻሽሉ አላቸው። ተሰብስበው፣ የሚያስጠራ አስቸኳይ ጉዳይ የለም ብለው በጥቂት ቀን ውስጥ ተበተኑ። ዬትስ ከዚህ በኋላ ከታሪኩ ይወጣል። የሚያሳዝን ሰው ነው።

ሲያጌጡ ይመላለጡ

አሁን ወደሚጥመኝ ክፍል ደረስን። እንደራሴዎቹ በራሳቸው ብልጠት የታነቁበት ቀን ኤፕሪል 12፣ 1824 ነው።

ደዊት ክሊንተን የቀድሞ ገዥ ነው። ትዕቢተኛ ነው ይባላል፤ ብዙ ሰው አይወደውም ነበር። አንድ ነገር ግን ማንም አይክደውም። የኤሪ ቦይ የሱ ሥራ ነው። ከሀድሰን ወንዝ እስከ ኤሪ ሐይቅ 363 ማይል፣ ወደ 584 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ በሰው እጅና በእንስሳ ጉልበት የተቆፈረ። ሲጀመር “የክሊንተን ጉድጓድ” እያሉ ሳቁበት። በ1824 ቦይው ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው። ክሊንተን ከሥልጣን ወርዷል። የቀረው የቦይ ኮሚሽነርነቱ ብቻ ነው። ለዚያ ሥራ ደሞዝ እንኳ አይከፈለውም።

የስብሰባው ዘመን የመጨረሻ ቀን ነበር። አባላቱ ወደየቤታቸው ሊሄዱ ተነስተዋል። ከሴኔቱ ድንገት አንድ አጭር ውሳኔ ቀረበ። ክሊንተን ከቦይ ኮሚሽነርነት ይነሳ። ምክንያት አልተጠቀሰም። ሴኔቱ በ21 ለ3 አጸደቀው። ወዲያው ወደ ታችኛው ምክር ቤት ተላከ። እዚያም 64 ለ34።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በሕዝብ ፓርቲ ውስጥ ክሊንተንን የሚጠሉም የሚያመልኩም አሉ። ውሳኔውን የተቃወመ “የክሊንተን አሽከር” ተብሎ ይለጠፍበታል። የደገፈ ደግሞ የክሊንተንን ወዳጆች ያጣል። በየትኛውም በኩል ፓርቲው ይሰነጠቃል። ወጥመዱ በተለይ ለአንድ ሰው ነው፤ ለጄምስ ቶልማጅ። ቶልማጅ በ1819 ዋሽንግተን ላይ ባርነት ወደ ሚዙሪ እንዳይስፋፋ ሐሳብ ያቀረበ ስመ ጥር ሰው ነው። የሕዝብ ፓርቲ የገዥነት ዕጩ ለመሆን ቋምጧል። ክሊንተንንም ክፉኛ ይጠላል። ማንሳቱን ደግፎ ድምፅ ሰጠ። ወጥመዱ ክርችም አለ። ወረቀት ላይ ቢታይ ያምራል።

ሕዝቡ ግን ወረቀት አላነበበም። ያየው ሌላ ነው። ያለ ደሞዝ ለዓመታት የሠራ ሰው ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ያለ አንዳች ምክንያት፣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ባነሳበት ሰዓት ተባረረ። በየከተማው ስብሰባ ተጠራ። ትናንት ክሊንተንን ሲያማ የነበረ ዛሬ ጠበቃው ሆነ። ቫን ቡረን በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ነበር። በኋላ ለአንድ የቡድኑ ሰው “በፖለቲካ ሰውን ከመጠን በላይ መግደል የሚባል ነገርም አለ” ማለቱ ይጠቀሳል። ልክ ነው። ተረስቶ የነበረን ሰው ገድለው ሰማዕት አደረጉት።

ሴፕቴምበር ላይ የሕዝብ ፓርቲ ዩቲካ ከተማ ላይ ጉባኤ አድርጎ ክሊንተንን ለገዥነት አጨ። ቶልማጅ ለምክትልነት መረካት ግድ ሆነበት። ያን ጊዜ የግዛቱ ምርጫ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። ኖቬምበር 1፣ 2 እና 3 ሕዝቡ ወጣ። ክሊንተን 103,452፣ ያንግ 87,093። እንደራሴዎቹ ገዥነቱንም የታችኛውን ምክር ቤትም አጡ።

አስቂኙ ነገር ይሄ ነው። አዲሶቹ ተመራጮች ሥራ የሚጀምሩት ጃንዋሪ ላይ ነው። የፕሬዚዳንቱን ወኪሎች የሚሰይሙት አሮጌዎቹ ናቸው። የተሰበሰቡትም ኖቬምበር 2 ነው። ውጭ ሕዝቡ እየጣላቸው፣ ውስጥ እነሱ ለሕዝቡ ፕሬዚዳንት ይመርጣሉ።

የልደት ቀን

ሕጉ እንዲህ ይላል። ሁለቱ ምክር ቤቶች ለየብቻ የ36 ሰው ዝርዝር ያወጣሉ። ከተስማሙ አለቀ። ካልተስማሙ አንድ ላይ ተቀምጠው በሚስጥር ድምፅ ከሁለቱ ዝርዝሮች ይመርጣሉ።

ሴኔቱ የክሮፎርድን ዝርዝር በቀላሉ አወጣ። ብልጠት ጨመረበትና ሰባት የክሌይ ሰዎችን አስገባበት። የክሌይን ደጋፊዎች መሳቢያ ማር ናቸው። የታችኛው ምክር ቤት ግን ተጣበቀ። ለአዳምስ 50፣ ለክሮፎርድ 43፣ ለክሌይ 32። ማንም አብላጫ የለውም። ቀን አለፈ፤ ነገም ያው ነው። በመጨረሻ የክሮፎርድ ሰዎች አንድ ነገር አሰቡ። ለአዳምስ ዝርዝር ድምፅ ሰጥተው አሳለፉት። አብደው አይደለም። የክሌይ ዝርዝር ከጨዋታ ውጭ ይሆናል፤ የክሌይ ሰዎችም መሄጃ ሲያጡ ወደኛ ይመጣሉ ብለው ነው።

ይህን ስሌት ያፈረሰው የምክር ቤት አባል እንኳ ያልሆነ ሰው ነው። ሰርሎ ዊድ ይባላል። ድሃ ያደገ፣ ከልጅነቱ ማተሚያ ቤት ውስጥ ቀለም የነካካ፣ የሮቸስተር ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ። ረጅም፣ ጎባጣ፣ እንቅልፍ የማያውቅ። በዓመቱ መጀመሪያ ኦልባኒ የመጣው ለሮቸስተር የባንክ ፈቃድ ለማስወጣት ነበር። ከተማዋ ለሱ ተፈጠረች። ከአንዱ ሆቴል ክፍል ወደ ሌላው፣ ከአዳምስ ሰው ወደ ክሌይ ሰው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይመላለሳል።

ድርድሩ ቀላል ነው። የክሌይ ሰዎች ለአዳምስ ዝርዝር ድምፅ ይስጡ። የአዳምስ ሰዎች ደግሞ በሴኔቱ ዝርዝር ላይ ያሉትን የክሌይ ሰዎች በጥቂት የራሳቸው ሰዎች ቦታ ያስገቡ። 131 የደረሰ ዕጩ ከጠፋ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ዋሽንግተን ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ክሌይ እነዚያን ድምፆች ካገኘ ለዚያ የመጨረሻ ዙር ሊበቃ ይችላል። ክሮፎርድ ከኒውዮርክ ባዶውን ይቀራል። ችግሩ ሚስጥር መጠበቁ ነው። ሁሉም በእጁ እየገለበጠ ቢጽፍ ስም ይሳሳታል፤ ወሬም ያመልጣል። ዊድ የሚያውቀው ሥራ ደግሞ ማተም ነው። ድብልቁን ዝርዝር በድብቅ አሳተመና ለሚታመኑት ብቻ አደለ።

እንደራሴዎቹ ምንም አልሰሙም። ሁሉን የሚሰማ ጆሮ ነበራቸው፤ ያን ቀን ደነቆረ።

እንግዲህ ወደ አዳራሹ እንመለስ። ሴናተሮቹ እየወጡ ነው። ጉባኤው ከተበተነ ሌሊቱን ሙሉ የክሌይን ሰዎች አንድ በአንድ ማባበል ይቻላል። ቶልማጅ ብድግ አለና በሕገ መንግሥቱ ስም ቆጠራው እንዲቀጥል ጠየቀ። ሌሎችም ጮኹ። ቆጠራው ቀጠለ።

ሰባቱ የክሌይ ሰዎች በሁለቱም ዝርዝር ላይ ስለነበሩ ያለ ጭንቅ አለፉ። ሃያ አምስት የአዳምስ ሰዎች እያንዳንዳቸው 78 ድምፅ አገኙ። የወረቀቱ ቁጥር 157 ነው። የ157 አብላጫ 79 ነው። አንድ ጎደለ!

ሦስቱ ባዶ ወረቀቶች ትዝ ያሏቸው ያኔ ነው። ባዶ ወረቀት ድምፅ ነው ወይስ አይደለም? ባዶዎቹ ከወጡ 154 ይቀራል። የ154 አብላጫ 78 ነው። ልክ 78። እንደራሴዎቹ ባዶውም ይቆጠር አሉ። ተቃዋሚዎቹ ስም የሌለበት ወረቀት ማንንም አልመረጠም አሉ። ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ባዶዎቹ እንዳይቆጠሩ ተወሰነ።

እነዚያን ሦስት ወረቀቶች የከተቱት ሰዎች ከነገሩ ውስጥ አልገባም፣ እጄን ንጹሕ ላድርግ ያሉ ይመስለኛል። የፕሬዚዳንቱ ምርጫ ግን የተንጠለጠለው በነሱ ላይ ሆነ። በማግስቱ ለቀሩት አራት ቦታዎች ድጋሚ ድምፅ ተሰጠ፤ ክሮፎርድ አራቱን አገኘ። 25 ለአዳምስ፣ 7 ለክሌይ፣ 4 ለክሮፎርድ።

ዊድ ያን ሰኞ 27 ዓመት ሞላው። የተወለደው ኖቬምበር 15፣ 1797 ነው።

ክሌይን ማን በላው

ወኪል መራጮቹ ዲሴምበር 1 ኦልባኒ ላይ ተሰብስበው ድምፃቸውን ሰጡ። ቃል ሌላ፣ ወረቀት ሌላ። ቁጥሩ ተለወጠ። አዳምስ 26፣ ክሮፎርድ 5፣ ክሌይ 4፣ ጃክሰን 1። ክሌይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ድምፅ አጣ። ለሦስቱ ተቀናቃኞቹ አንዳንድ ተከፋፈለች።

በአገር ደረጃ ሲደመር ጃክሰን 99፣ አዳምስ 84፣ ክሮፎርድ 41፣ ክሌይ 37 ሆነ። 131 የደረሰ የለም። በሕገ መንግሥቱ 12ኛ ማሻሻያ መሠረት ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ሦስቱ ብቻ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳሉ።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ያዙ። እነዚያ ሰባት የክሌይ ወኪሎች በቃላቸው ቢጸኑና ሌላው ሁሉ እንዳለ ቢቆይ ክሌይ 40 ይሆናል። ክሮፎርድም 40። ለሦስተኛ ቦታ እኩል ማለት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤው ማን ነው? ራሱ ክሌይ። ቤቱ ቤቱ ነው፤ ሰዎቹ ሰዎቹ ናቸው። ወደ መጨረሻው ዙር ቢገባ ኖሮ የሚፈራው እሱ ነበር። ሉዊዚያናም አምስት ድምፅዋን ለጃክሰን ሦስት፣ ለአዳምስ ሁለት አድርጋ ክሌይን ባዶ እጁን ስለሰደደችው ነገሩ የኒውዮርክ ብቻ አይደለም። ግን ኒውዮርክ ላይ ያጣው ይበልጥ ያንገበግባል፤ ተሰጥቶት የተወሰደ ነውና።

ብዙ ጊዜ “በ1824 ሕዝቡ የመረጠው ጃክሰንን ነው” ሲባል እንሰማለን። የሕዝብ ድምፅ በተሰጠባቸው ግዛቶች አንደኛ መውጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያ ድምር ውስጥ የኒውዮርክ ሕዝብ አንድም ድምፅ የለበትም። ከአገሪቱ ትልቋ ግዛት አልተጠየቀችም። ስለዚህ ያን ቁጥር ሳነብ ሁልጊዜ ትንሽ እጠራጠራለሁ።

አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ወረቀት

ፌብሯሪ 9፣ 1825። ዋሽንግተን፤ በረዶ ይጥላል። በተወካዮች ምክር ቤት እያንዳንዱ ግዛት ትልቅም ይሁን ትንሽ አንድ ድምፅ አለው። ለማሸነፍ 13 ግዛት ያስፈልጋል። ክሌይ ከጨዋታው ስለወጣ ክብደቱን ለአዳምስ ሰጥቷል። የገዛ ግዛቱ የኬንታኪ ምክር ቤት ለጃክሰን ስጡ ብሎ ቢያዝም የኬንታኪ ተወካዮች 8 ለ4 ሆነው ወደ አዳምስ ሄዱ። አዳምስ 12 ግዛት በእጁ አለ። አሥራ ሦስተኛዋ ኒውዮርክ ናት።

የኒውዮርክ ተወካዮች 34 ናቸው። 17ቱ የአዳምስ ናቸው። አንድ ሰው ከተጨመረ ግዛቷ የአዳምስ ነች። ካልተጨመረ 17 ለ17 ሆና ድምፅዋ ይባክናል፤ አዳምስም በመጀመሪያው ዙር አያሸንፍም። ቫን ቡረን የፈለገው ይህንኑ ነው። ከዚያ በኋላ ቀን በቀን፣ ዙር በዙር፣ ለድርድር የሚመጡት ወደሱ ነው።

ያ አንድ ሰው ስቴፈን ቫን ረንስለር ነው። ዕድሜው 60፤ በኦልባኒ ዙሪያ ለዓይን የሚታክት መሬት ያለው ባላባት፣ ከአሜሪካ ባለጸጎች አንዱ። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የ1812 ጦርነት ክዊንስተን ላይ ጦር መርቶ ተሸንፏል። በ1824 ትሮይ ከተማ ላይ የመሠረተው ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ አለ። ደግ፣ ሃይማኖተኛ፣ ሰው የሚያስጨንቀው ሲበዛ የሚርድ። የሚኖረው ከቫን ቡረን ጋር በአንድ ማረፊያ ቤት ነው፤ አንድ ማዕድ ይቀርባሉ። ለአዳምስ አልሰጥም ብሎ ቃል ገብቷል።

ምክር ቤቱ ሲደርስ ክሌይና የማሳቹሴትሱ ተወካይ ዳንኤል ዌብስተር ወደ አፈ ጉባኤው ክፍል ወሰዱት። አገሪቱ ትታመሳለች፣ ንብረት ሁሉ አደጋ ላይ ነው እያሉ ወጠሩት። ሲወጣ ፊቱ ተለዋውጧል። የማረፊያ ቤት ጓደኞቹ እየተፈራረቁ አጽናኑት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚተርክልን ቫን ቡረን ነው፤ ያውም ከስንት ዓመት በኋላ። ኮሮጆው ሲደርስበት ሽማግሌው ግንባሩን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደፍቶ እግዚአብሔር እንዲመራው ጸለየ። ዓይኑን ሲገልጥ ወለሉ ላይ አንድ ወረቀት አየ። “አዳምስ” ይላል። መልስ መጣልኝ ብሎ አንስቶ ከተተው።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። ለቫን ቡረን ደግሞ በጣም ይመቻል። በክሌይ ተበለጥኩ ከማለት በመሬት ላይ በወደቀ ወረቀት ተበለጥኩ ማለት ይቀላል። ቫን ረንስለር ራሱ የሰጠው ምክንያት ቀዝቀዝ ያለ ነው። የአዳምስ ማሸነፍ የማይቀር ሆኖ ስለታየኝ ጭንቀቱን ላሳጥር ብዬ ነው ዓይነት ነገር ነው ያለው። እኔ የማምነው ሁለተኛውን ነው። የማልረሳው ግን የመጀመሪያውን።

የኒውዮርክ ቆጠራ 18 ለአዳምስ፣ 14 ለክሮፎርድ፣ 2 ለጃክሰን። በአገር ደረጃ 13 ግዛት ለአዳምስ፣ 7 ለጃክሰን፣ 4 ለክሮፎርድ። በመጀመሪያው ዙር አለቀ። አዳምስ ክሌይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። የጃክሰን ሰዎች ድርድር ነው፣ ሙስና ነው ብለው ጩኸታቸውን ለአራት ዓመት አላቋረጡም።

ኦልባኒ ላይስ? በ1825 አዲሱ ምክር ቤት ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረበ። ሕዝቡ ወኪሎቹን በየወረዳው ራሱ ለመምረጥ ወሰነ። ክሊንተን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ቦይውን በክብር መረቀ፤ በፌብሯሪ 1828 ገዥ እንዳለ ሞተ። ቫን ቡረን ከወደቀበት ለመነሳት ጊዜ አልፈጀበትም። አሸናፊውን በዓይኑ ለይቶ ነበር። ከኒውዮርክ 36 ድምፅ አንዷን ብቻ ላገኘው ለጃክሰን መሥራት ጀመረ።

በኖቬምበር 1828 የኒውዮርክ ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የፕሬዚዳንት ወኪሎችን ራሱ መረጠ። ውጤቱ 20 ለጃክሰን፣ 16 ለአዳምስ ሆነ። በዚያው ምርጫ የግዛቱ ገዥ ሆኖ በሕዝብ ድምፅ ያሸነፈው ማርቲን ቫን ቡረን ነው።